የከሸፈ ተኩስ ታሪክ፦ ጠመንጃ አልተኩስ ሲል ተጠያቂው ማን ነበር?

የጠመንጃ ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው ስለ ተተኮሰው ጥይት ነው፤ ምላጩ ተስቦ ሳይጮህ ስለ ቀረው፣ ዘግይቶ ስለ ጮኸው ወይም በተኳሹ ፊት ስለ ፈነዳው መሣሪያ የሚጻፈው ግን እጅግ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ በማንኛውም የተኩስ መለማመጃ ሜዳ ለጀማሪ የሚነገሩት የጥንቃቄ ደንቦች፣ ማለትም አፈሙዝን ከሰው ማራቅ፣ ያልጮኸን ጠመንጃ ቸኩሎ አለመክፈት፣ ድምፁ ከወትሮው ያነሰ ተኩስ ሲሰማ ቀጣዩን ጥይት አለመተኮስ፣ ሁሉም የተቀዱት ከዚህ ብዙ ካልተነገረለት ታሪክ ነው። ታሪኩ በቅርበት ሲመረመር ሁለት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛው፣ አብዛኛው ደንብ በአንድ ዘመን ከነበረ የመሣሪያ አሠራር የተወለደ መሆኑና አሠራሩ ሲለወጥ ደንቡም አብሮ መለወጡ ነው። ሁለተኛውና ይበልጥ ትኩረት የሚሻው ደግሞ፣ መሣሪያው ሳይሠራ ሲቀር ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ በቅድሚያ በተኳሹ ላይ ይጣል የነበረ መሆኑ፣ እውነተኛው መሻሻል ግን የመጣው ጥያቄው ወደ ሠሪውና ወደ አስረካቢው በዞረ ጊዜ መሆኑ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ ስለ ብልሽት ዓይነቶች የሚነገሩት ቃላትም አስቀድመው ቢለዩ መልካም ነው። ምላጭ ተስቦ ባሩዱ ጨርሶ ሳይቀጣጠል ሲቀር ጥይቱ ከሸፈ ይባላል። ባሩዱ ወዲያው ሳይቀጣጠል ቆይቶ ሲነሣ ደግሞ የዘገየ ተኩስ ነው፤ ይህ ከመክሸፍ የሚከፋው፣ ተኳሹ የከሸፈ መስሎት መሣሪያውን ሲገልጥ ወይም አፈሙዙን ወደ ጓደኛው ሲያዞር ሊጮህ ስለሚችል ነው። ጥይት ወይም ባዶ ቀለህ በመሣሪያው ውስጥ ተቀርቅሮ መዝጊያው አልንቀሳቀስ ሲል ጠመንጃው ነከሰ ይባላል። የባሩዱ ኃይል አንሶ እርሳሱ ከቱቦው መሐል ሲቀር፣ ቀጥሎ የሚተኮሰው ጥይት ከተቀረቀረው ጋር ተጋጭቶ ቱቦውን ሊያፈነዳ ይችላል። ከዚህ ሁሉ የሚለየው መባረቅ ነው፤ እርሱም ተኳሹ ሳያስብ፣ በቸልተኝነት ወይም በመሣሪያው ጉድለት ጥይት ሲወጣ ነው።

በባልጩት ድንጋይ የሚሠራው ጠመንጃ ከ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አንሥቶ ለመቶ ሃምሳ ዓመታት ያህል የአውሮፓ ወታደሮች ዋና መሣሪያ ነበር። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው፦ ባልጩት የነከሰው መዶሻ ብረት ላይ ሲወርድ ብልጭታ ይወጣል፣ ብልጭታው ከቱቦው ውጭ ባለች ትንሽ ሳህን ላይ የተነሰነሰውን ደቃቅ ባሩድ ያቀጣጥላል፣ እሳቱም በጠባብ ቀዳዳ አልፎ በቱቦው ውስጥ ያለውን ዋናውን ባሩድ ይለኩሳል። ከነዚህ ሦስት እርምጃዎች አንዱ ከተጓደለ ተኩሱ ይከሽፋል፤ ድንጋዩ ሊደንዝ፣ ሳህኑ በዝናብ ሊርስ፣ ቀዳዳው በተቃጠለ ባሩድ ጥላሸት ሊደፈን ይችላል። በዚህም ምክንያት ወታደሩ ከጥይት ቦርሳው ጋር ቀዳዳውን የሚወጋበት ሽቦና ሳህኑን የሚጠርግበት ብሩሽ ይይዝ ነበር። ሳህኑ ላይ ያለው ባሩድ ብቻ ነዶ ዋናው ሳይቀጣጠል ሲቀር፣ ጠባቡ ቀዳዳ ውስጥ ቀስ እያለ የሚጨስ ፍም ሊኖር ስለሚችል፣ አፈሙዙን ወደ ራስ አዙሮ አዲስ ባሩድ መጨመር ለሞት የሚዳርግ ስህተት ነበር። ከክሽፈት በኋላ መታገሥ የሚለው ደንብ ሥሩ እዚህ ጋ ነው።

የብልሽቱን መጠን በቁጥር ያሳየው ሙከራ የተደረገው በ1834 በእንግሊዝ አገር በዉልዊች ነበር። በዚያ ሙከራ ከባልጩት ጠመንጃዎችና ካፕሱል ከሚጠቀሙ አዳዲስ ጠመንጃዎች እያንዳንዳቸው 6,000 ተኩስ የተተኮሰ ሲሆን፣ ከባልጩቶቹ 922ቱ ሲከሽፉ ከካፕሱሎቹ የከሸፉት 36 ብቻ ነበሩ። ካፕሱል ማለት በመመታት ብቻ የሚቀጣጠል ቅመም የተቀመጠባት ትንሽ የመዳብ ቆብ ናት፤ ለዚህ አሠራር መሠረት የጣለው የዱር አእዋፍ አዳኝ የነበረው ስኮትላንዳዊው ቄስ አሌክሳንደር ፎርሳይዝ ሲሆን የባለቤትነት መብቱን ያገኘው በ1807 ነው። በዉልዊች ሙከራ መሠረት የባልጩት ጠመንጃ የያዘ ወታደር ከስድስት ወይም ከሰባት ተኩስ አንዱ እንደሚከሽፍበት አውቆ ነበር ወደ ጦርነት የሚሄደው። ለዚህ ሁሉ ዘመን ግን የወታደር አዛዦች ክሽፈትን የሚቆጥሩት የመሣሪያው ባሕርይ አድርገው ሳይሆን ባሩዱን ያላደረቀ፣ ድንጋዩን ያላስተካከለ ወታደር ጥፋት አድርገው ነበር። በ1841 በቻይና በካንቶን አካባቢ በእንግሊዞች ሥር ከነበረው ከሕንድ የማድራስ ጦር የሆነ አንድ የወታደሮች ቡድን በከባድ ዝናብ ተይዞ ባልጩት ጠመንጃዎቹ አልተኩስ ሲሉ በብዙ ቻይናውያን ታጣቂዎች በተከበበ ጊዜ፣ ቡድኑን ለማውጣት የተላኩት ካፕሱል ጠመንጃ የያዙ የባሕር ኃይል ወታደሮች ነበሩ። ያ ቀን በክርክር ሊሸፈን የማይችል ማስረጃ ሆኖ ቀረ።

ካፕሱል ክሽፈትን ቢያሳንስም ከፊት የሚጎረሰው ጠመንጃ ሌላ ችግር ነበረበት፤ ተኳሹ መሣሪያው ጎርሶ እንደሆነ ወይም ባዶ እንደሆነ በዓይኑ ማየት አይችልም። ችግሩ ምን ያህል ስፋት እንዳለው ያሳየው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ነው። ከ1863ቱ የጌቲስበርግ ውጊያ በኋላ ከጦር ሜዳው ተለቅመው ወደ ዋሽንግተን ስለ ተላኩት ጠመንጃዎች የተጻፈው ዘገባ እንደሚያስረዳው፣ ከተሰበሰቡት 27,574 ጠመንጃዎች ወደ 24,000 የሚሆኑት ጎርሰው ተገኝተዋል። ከእነዚህ ወደ 12,000 የሚጠጉት ሁለት ሁለት ጊዜ፣ ወደ 6,000 የሚሆኑት ደግሞ ከሦስት እስከ አሥር ጊዜ የጎረሱ ነበሩ፤ በአንዱ ቱቦ ውስጥ 23 ጊዜ የተጎሰጎሰ ጥይት ተገኝቷል። በአንዳንዶቹ ውስጥ እርሳሱ ከባሩዱ በታች ገብቷል፤ በሌሎቹ ደግሞ ባሩዱ የታሸገበት ወረቀት ሳይቀደድ እንዲሁ ተጎስጉሷል።

ይህን ዘገባ የሚጠቅሱ አንዳንድ ጸሐፊዎች ወታደሮቹ ሰው መግደል ስላልፈለጉ ሆን ብለው አልተኮሱም የሚል ትርጓሜ ይሰጡታል። ቴክኒካዊው ምክንያት ግን ያለ ምንም መላ ምት ብዙውን ያስረዳል። ትከሻ ለትከሻ ተገጥግጦ በሚተኩስ ሰልፍ ውስጥ፣ ግራና ቀኙ ጆሮ በሚያደነቁር ጩኸት ሲናወጥ፣ አንድ ወታደር የራሱ ጠመንጃ መጮኹን በድምፅ መለየት አይችልም፤ ድንጋጤ ውስጥ ያለ ትከሻም የሰደፉን ግፊት በትክክል አያስታውስም። ካፕሱሉን ማኖር የዘነጋ ወይም ቀዳዳው የተደፈነበት ወታደር ምላጩን ስቦ፣ የጮኸ መስሎት፣ በተማረው ቅደም ተከተል መሠረት ሁለተኛውን ይጎሰጉሳል፤ ከዚያም ሦስተኛውን። ሥልጠናው ፍጥነትንና ተመሳሳይ እንቅስቃሴን አብዝቶ ያስተምር ስለ ነበር፣ ወታደሩ ይሠራ የነበረው በትክክል የተማረውን ነው። በመሣሪያው ውስጥ ያለውን የሚያሳይ ምልክት የሠራለት ሰው አልነበረም።

ሰላም በሆነ ጊዜ ግን መፍትሔው ታውቆ ነበር። በሰልፍ ምርመራ ላይ ወታደሮች የብረት መጎስጎሻ ዘንጋቸውን ወደ ቱቦው እንዲጥሉ ይታዘዙ ነበር፤ ዘንጉ ባዶ ቱቦ ውስጥ ሲወድቅ ጥርት ያለ የብረት ድምፅ ይሰጣል፣ የጎረሰ ከሆነ ግን ድምፁ የታፈነ ይሆናል፣ ዘንጉም ከአፈሙዙ ውጭ ከልክ በላይ ረዝሞ ይቀራል። የከሸፈውን ለማውጣት ከዘንጉ ጫፍ ላይ የሚገጠም እርሳሱን በስቶ የሚይዝ ጠመዝማዛ ብረት ነበረ። እነዚህ መሣሪያዎች በእያንዳንዱ ወታደር ወይም በእያንዳንዱ ቡድን እጅ ነበሩ፤ በውጊያ መካከል ግን ዘንግ ጥሎ ድምፅ የሚያዳምጥ ሰው ሊኖር አይችልም። የጥንቃቄ ደንብ በሰላም ሜዳ ሠርቶ በጦር ሜዳ የማይሠራ ከሆነ መታረም ያለበት መሣሪያው መሆኑን ጌቲስበርግ አስመሰከረ፤ ዘገባውም ያኔ ከኋላ የሚጎረስ ጠመንጃ እንዲገባ ለሚከራከሩ ባለሙያዎች ዋና መከራከሪያ ሆነ።

ሠሪን የመጠየቅ ልማድ ከወታደር መስክ ውጭ ቀድሞ ተጀምሮ ነበር። በለንደን የጠመንጃ ሠሪዎች ማኅበር በ1637 በንጉሣዊ ቻርተር ሲቋቋም ከሥልጣኖቹ አንዱ በከተማዋ የሚሸጡ ቱቦዎችን መፈተሽ ነበር። በቤልጅየሟ ሊዬዥ ከተማ በ1672 የወጣው ድንጋጌ ቱቦዎች በይፋ እንዲፈተኑ አዘዘ፤ በበርሚንግሃምም በ1813 በፓርላማ አዋጅ የመፈተኛ ቤት ተቋቋመ። የፈተናው ዘዴ ቀላል ነው፦ ቱቦው ከተለመደው ተኩስ የበለጠ ኃይል ባለው ባሩድ ከሰው ርቆ ይተኮሳል፣ ካልተሰነጠቀና ካልተነፋ ማኅተም ይመታበታል። በ1914 በሊዬዥ የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የመሣሪያ ፈተና ኮሚሽን ዛሬ የሚጠይቀው ፈተና ለጠመንጃ ጥይት ከተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት 25 በመቶ የሚበልጥ ነው። በዚህ ማኅተም ውስጥ ትልቅ ሐሳብ አለ፤ መሣሪያው ቢፈነዳ መጀመሪያ የሚጠየቀው የማኅተሙ ባለቤት ነው ማለት ነው።

ከኋላ የሚጎረስ ጠመንጃ በፕሩሲያ ከ1840ዎቹ ጀምሮ አገልግሎት ላይ ውሏል። የድራይዜ መርፌ ጠመንጃ ይባል የነበረው ይህ መሣሪያ ረጅም መርፌው ባሩዱን በስቶ ካፕሱሉን ይመታ ስለ ነበር፣ በእሳቱ ውስጥ ሲመላለስ ይሰበር ነበር፤ መዝጊያውም ጭስና እሳት ወደ ተኳሹ ያፈስ ስለ ነበር ብዙ ወታደሮች ከፊታቸው አርቀው መተኮስን ይመርጡ ነበር። ይህን የፈታው የብረት ቀለህ ነው። ቀለህ ባሩዱ ሲነድ ተነፍቶ ቱቦውን ይደፍናል፣ ጋዙ ወደ ኋላ አያመልጥም፤ ነገር ግን የተነፋው ቀለህ መልሶ መውጣት ስላለበት፣ ካልወጣ መሣሪያው ይነክሳል። ክሽፈት የባልጩት ዘመን ችግር እንደ ነበር ሁሉ መንከስ የቀለህ ዘመን ችግር ሆነ።

ለእንግሊዝ ጦር፣ ከኋላ ለሚጎረሰው ስናይደር ጠመንጃ ጥይት የሠራው በዉልዊች የነበረው ኮሎኔል ኤድዋርድ ቦክሰር ሲሆን፣ ቀለሁ እንደ ዛሬው አንድ ወጥ ነሐስ ሳይሆን ከቀጭን የነሐስ ቅጠል ተጠቅልሎ በብረት መሠረት ላይ የተያያዘ ነበር። ይህ ጠመንጃ ለመጀመሪያ ጊዜ በዘመቻ የተሞከረው በኢትዮጵያ ምድር ነው። በ1868 ሚያዝያ በአሮጌ ሜዳ የአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ከፊት የሚጎረስ ጠመንጃ ይዞ በዝናብ ውስጥ ከስናይደር ጋር ተገናኘ። ከዚያ በኋላ ሰናድር የሚለው ስም በኢትዮጵያ ጸንቶ ቀረ፤ ከእርሱም ጋር በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በተለያየ መንገድ ወደ አገሩ የገቡት ረሚንግተን፣ ከፈረንሳይ የመጣው ውጅግራ፣ ምንሽርና ለበን እየተደረቡ መጡ። ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ በ1887 ከታጁራ ወደ ሸዋ ያመጣው ቅፍለት ከሁለት ሺህ በላይ ጠመንጃዎችና 60,000 የረሚንግተን ጥይቶች የያዘ ሲሆን፣ ጠመንጃዎቹ አውሮፓ ትታቸው ያለፈች ካፕሱል ተጠቃሚዎች ነበሩ። የብዙ አገር ጠመንጃ በአንድ ሠራዊት ውስጥ ሲገናኝ የጥይት መምታታት ለመንከስም ለፍንዳታም ያጋልጣል። በዘመኑ የነበረ ታጣቂ ጠመንጃውን በስሙ፣ በጥይቱና በባሕሪው ለይቶ የሚያውቀው ይህን አደጋ በራሱ ጥንቃቄ ለመከላከል ስለ ተገደደ ሊሆን ይችላል።

የቦክሰር ቀለህ ጉድለት በግልጽ የወጣው በሱዳን ነው። በጥር 17 ቀን 1885 በአቡ ክሊያ እንግሊዞች ከመሐዲ ተከታዮች ጋር ባደረጉት ውጊያ የእንግሊዞቹ የማርቲኒ ሄንሪ ጠመንጃዎች በሙቀትና በአሸዋ ምክንያት ነከሱ፤ ቀጭኑ ቀለህ ከቱቦው ጋር ተጣብቆ ማውጫው መሠረቱን ቆርጦ ሲያወጣው ቀሪው ነሐስ ውስጥ ይቀር ነበር። በዚያው ውጊያ በባሕር ኃይል ሰዎች የሚሠራው የጋርድነር መትረየስ ወደ ሰባ ገደማ ጥይት ከተኮሰ በኋላ ነከሰ፤ ብልሽቱን ለማስተካከል የሚታገሉት ሰዎች ከመሣሪያው አጠገብ ተገደሉ፣ የመሐዲ ተዋጊዎችም በተከፈተው ጥግ ወደ እንግሊዞቹ አራት ማዕዘን ሰልፍ ገቡ። የነከሰን መሣሪያ በጠላት ፊት መክፈት ምን ማለት እንደ ሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ከዚህ በኋላ እንግሊዞች አንድ ወጥ ነሐስ ቀለህ ወደ መጠቀም ተሸጋገሩ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በ1876 በአሜሪካ በሊትል ቢግሆርን በሌተና ኮሎኔል ኩስተር ጦር ላይ ለደረሰው ሽንፈትም የመዳብ ቀለህ መንከስ በምክንያትነት ተጠቅሷል፤ ሆኖም በ1980ዎቹ በሜዳው የተካሄደው ቁፋሮ በቢላ ተፈልቅቀው የወጡ የሚመስሉ ቀለሆች ጥቂቶች ብቻ መሆናቸውን ስላሳየ፣ ብልሽት ለሽንፈት ሁሉ የሚሰጥ ምክንያት እንዳይሆንም መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

በ1884 ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ ጭስ አልባ ባሩድ ሲሠራና ከሁለት ዓመት በኋላ የለበል ጠመንጃ (በኢትዮጵያ ለበን የተባለው) ሲወጣ በመሣሪያው ውስጥ ያለው ግፊት በብዙ ጨመረ፤ የቀለህ ወይም የካፕሱል መቀደድ እንደ ቀድሞው የጭስ መፍሰስ ብቻ ሳይሆን ዓይን የሚያጠፋ አደጋ ሆነ። ጀርመናዊው ፖል ማውዘር በ1898ቱ ጠመንጃው መዝጊያ ላይ ጋዝ የሚያስወጡ ቀዳዳዎችን፣ ተጨማሪ መቆለፊያና ጋዙን ከተኳሹ ፊት የሚመልስ ክንፍ አድርጓል፤ እርሱ ራሱ በ1901 የራስ በራስ ተኳሽ ጠመንጃ ሲሞክር በደረሰ ፍንዳታ አንድ ዓይኑን አጥቷል። በማውዘር ጠመንጃ ላይ ያለው አስተሳሰብ ከቀድሞው ይለያል፤ ቀለህ አይቀደድም ብሎ አይነሣም፤ ይቀደዳል፣ ሲቀደድ ግን ጋዙ በየት ይውጣ ብሎ ይጠይቃል።

አሜሪካኖች ከማውዘር ብዙ ነገር ወስደው በሠሩት በ1903ቱ ስፕሪንግፊልድ ጠመንጃ ላይ የደረሰው ነገር የተጠያቂነትን ጥያቄ በጣም ያጠራዋል። በ1917 አንዳንድ ስፕሪንግፊልዶች በተኩስ ላይ ተሰባብረው ሲፈነዱ ምርመራ ተጀመረ፤ ጥፋቱ በመጀመሪያ የተጣለው በለሰለሰ ነሐስ በተሠሩ ጥይቶች ላይ ነበር፣ ይህም በከፊል እውነት ነበር። ነገር ግን ጠለቅ ሲባል የመሣሪያው ዋና አካል፣ ማለትም መዝጊያው የሚቆለፍበት ብረት፣ እንደ ብርጭቆ የሚሰበር ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ደግሞ በእሳት ማጠንከሪያው ክፍል ነበር፤ ለዓመታት ልምድ ያላቸው ሠራተኞች የብረቱን ሙቀት ይለኩ የነበረው ቀለሙን በዓይን አይተው ሲሆን፣ መለኪያ ሲገጠም ደማቅ ፀሐይ በወጣበት ቀን ለዓይን ትክክል የሚመስለው ሙቀት ደመና ከዋለበት ቀን እስከ 300 ዲግሪ ፋረንሃይት ሊበልጥ እንደሚችል ታወቀ። ብረቱ የተቃጠለው ሠራተኛው ሰነፍ ስለ ነበር አልነበረም፤ በመስኮት የገባው ብርሃን ስላሳሳተው ነበር።

በ1918 መጀመሪያ፣ በስፕሪንግፊልድ ፋብሪካ የተከታታይ ቁጥሩ 800,000 ገደማ ሲደርስ፣ ሙቀቱን በመለኪያ የሚቆጣጠር ሁለት ጊዜ የማጠንከር ዘዴ ተጀመረ፤ በሮክ አይላንድ ፋብሪካ ለውጡ የመጣው ከ285,507ኛው ጠመንጃ ጀምሮ ነው። በጊዜው በፋብሪካው ያገለገለው መኮንን ጁሊያን ሀቸር በ1947 ባሳተመው መጽሐፍ የፈነዱ 68 ጠመንጃዎችን አንድ በአንድ መዝግቧል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቀረበው ሐሳብ አሮጌዎቹ ሁሉ ከአገልግሎት እንዲወጡ ቢሆንም፣ የኃላፊዎቹ ውሳኔ በወታደር እጅ ያሉት ለጥገና ሲመለሱ ብቻ እንዲተኩ የሚል ሆነ። ውሳኔው በወጪ አንጻር ሊገባ ይችላል፤ ነገር ግን ጉድለቱን የሚያውቀው መሥሪያ ቤት አደጋውን ለማያውቀው ወታደር ትከሻ አሳልፎ መስጠቱ ነበር፣ በጊዜው የነበሩት ኃላፊዎችም ይህን ያውቁ ነበር። ከ800,000 በታች ቁጥር ያለው ስፕሪንግፊልድ ዛሬም በግል ስብስቦች ውስጥ ይገኛል፤ በሙያው ያሉ ሰዎች እንዳይተኮስበት አጥብቀው ይመክራሉ።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ለብልሽት አያያዝ ሌላ ምዕራፍ ከፈተ። የካናዳ ጦር የያዘው ሮስ ጠመንጃ ለዒላማ እጅግ ትክክለኛ ቢሆንም በ1915 ጸደይ በኢፕር ጭቃ ውስጥ በፍጥነት ሲተኮስ ነክሶ መዝጊያው በእጅ አልከፈት አለ፤ ወታደሮች በጫማ እየረገጡ ይከፍቱት ነበር፣ ከሺህ የሚበልጡትም ሮሱን ጥለው ከሞቱ እንግሊዛውያን ሊ ኤንፊልድ አነሡ። የመከላከያ ሚኒስትሩ ሳም ሂዩዝ ጥፋቱን በጥይቱና በወታደሩ ላይ እያደረገ ሲከራከር ቢቆይም፣ በ1916 ሮስ በግንባር ባሉ የካናዳ ክፍሎች በሊ ኤንፊልድ ተተካ።

መንከስን በዕውቀት የመያዝ ትምህርት የዳበረው ግን በመትረየስ ተኳሾች ዘንድ ነበር። ቪከርስ የተባለው የእንግሊዝ መትረየስ ውኃ የሚያቀዘቅዘው፣ በተተኮሰው ጥይት ግፊት ራሱን የሚያጎርስ፣ ከጨርቅ መቀነት የሚመገብ መሣሪያ ሲሆን፣ በቀኝ ጎኑ ከውስጥ ክፍሎቹ ጋር አብሮ የሚዞር የብረት እጀታ ነበረው። መሣሪያው ቆሞ ሲገኝ እጀታው ከአራት አቋሞች በአንዱ ላይ ይቆማል፤ እያንዳንዱም አቋም የተለየ የብልሽት ዓይነት ያመለክታል። ለምሳሌ እጀታው ሙሉ በሙሉ ወደ ቦታው ተመልሶ፣ መሣሪያው ግን ዝም ካለ፣ ጥይቱ ከሽፏል ወይም መቺው መርፌ ተሰብሯል ወይም በመቀነቱ ውስጥ ባዶ ቦታ ገብቷል ማለት ነው። ተኳሹ ክዳኑን ሳይከፍት እጀታውን በእጁ ዳስሶ የብልሽቱን ዓይነት ያውቃል፣ ለዚያ ዓይነት የተወሰነውን እርምጃ ይፈጽማል፤ ካልተሳካ ወደ ሁለተኛው ይሸጋገራል። ሠልጣኞች ይህን በጨለማ ለመሥራት ዓይናቸው ታስሮ እየተለማመዱ ነበር፣ እንግሊዞች በ1915 የመትረየስ ጦር ክፍል ሲያቋቁሙም ይህ ትምህርት የሥልጠናው ዋና አካል ሆነ።

ይህ ፈጥኖ የመመለስ ሥርዓት ከቀድሞው የመታገሥ ደንብ ጋር በግልጽ ይጋጫል፤ ግጭቱም በቸልተኝነት መታለፍ የለበትም። በውጊያ ላይ ጠመንጃው አልተኩስ ያለው ሰው ሠላሳ ሰከንድ ቢጠብቅ ይሞታል፤ በመለማመጃ ሜዳ ደግሞ ያልጠበቀ ሰው የዘገየ ተኩስ ሊያጠፋው ይችላል። ሁለቱን ማስታረቅ የተቻለው በዘመናዊ ጥይት የዘገየ ተኩስ ብርቅና ብዙውን ጊዜ ከሰከንድ ክፍልፋይ የማይበልጥ በመሆኑ ነው፤ ስለዚህ ወታደር ወዲያው ይመልሳል፣ በሰላም የሚተኩስ ሰው ግን አፈሙዙን ወደ ዒላማው አድርጎ ቢያንስ ሠላሳ ሰከንድ ያህል ይጠብቃል፣ ከፊት የሚጎረሰውን አሮጌ ጠመንጃ የያዘ ደግሞ ከዚያ በላይ ይታገሣል፤ ከዚያም በኋላ ፊቱን ከመዝጊያው አርቆ ይከፍታል። የጦፈ መትረየስ ላይ ደግሞ ሦስተኛ አደጋ አለ፤ በጋለ ቱቦ ውስጥ የቆየ ጥይት ምላጭ ሳይነካ በሙቀቱ ብቻ ይነሣል፣ በዚህ ጊዜ መጠበቅም መክፈትም አደገኛ ስለሆነ አፈሙዙ ከሰው መራቁ ብቸኛው መተማመኛ ነው። በሁሉም ሁኔታ ሳይለወጥ የኖረ ደንብ ቢኖር ይኸው የአፈሙዝ ደንብ ነው።

የተጠያቂነት ጥያቄ በመጨረሻ በሕዝብ እንደራሴዎች ፊት የቀረበው በቬትናም ጦርነት ጊዜ ነበር። ኤም 16 የተባለው ጠመንጃ ወደ አሜሪካ ወታደሮች እጅ ሲገባ መጽዳት ብዙ አያስፈልገውም ተብሎ ይነገር ስለ ነበር የማጽጃ ዕቃ በበቂ ሁኔታ አልተሰጠም። ከዚህም በላይ መሣሪያው የተፈተነበት የባሩድ ዓይነት በ1964 ወደ ሌላ ተለውጦ ነበር፤ አዲሱ ባሩድ የተኩሱን ፍጥነት ጨምሮ ብዙ ዝቃጭ የሚተው ሲሆን፣ ጥይቱ የሚያርፍበት ክፍል ደግሞ ዝገትን የሚከላከል ክሮም አልተቀባም ነበር። በ1966ና በ1967 ባዶ ቀለህ በእርጥበቱና በዝቃጩ ውስጥ ተጣብቆ ማውጫው ሊያወጣው አልቻለም፤ ወታደሮች የማጽጃ ዘንግ ከአፈሙዙ በኩል እየሰደዱ ቀለሁን እየገፉ ሲያወጡ ተገደሉ። ለቤተሰቦቻቸው የጻፏቸው ደብዳቤዎች ወደ ኮንግረስ ደረሱ።

በጦሩ ውስጥ የመጀመሪያው መልስ እንደ ቀድሞው ዘመን ወታደሮቹ መሣሪያቸውን አያጸዱም የሚል ነበር፤ በከፊልም እውነት ነበር፣ ያላገኙትን ዕቃ ይዘው ሊያጸዱ ግን አይችሉም። በ1967 በተወካዮች ምክር ቤት አባሉ በሪቻርድ ኢኮርድ የሚመራ ንዑስ ኮሚቴ ተቋቁሞ ምስክሮችን ሰማ፣ የባሩዱ ለውጥ በበቂ ሁኔታ ሳይፈተን የተደረገ መሆኑን መረመረ። ክፍሉ ክሮም ተቀባ፣ የማጽጃ ዕቃ ተሰጠ፣ ሥዕላዊ የጥገና መጽሐፍ ታተመ፤ የመንከስ ብዛቱም ቀነሰ። ንዑስ ኮሚቴው በጥቅምት 1967 ባወጣው ዘገባ ተጠያቂ ያደረገው ወታደሮቹን ሳይሆን መሣሪያውንና ጥይቱን ያስተዳድሩ የነበሩትን ኃላፊዎች ሲሆን፣ አሠራራቸውም ከወንጀል ቸልተኝነት ጋር የሚዋሰን መሆኑን በይፋ አስመዝግቧል።